አረንጓዴዋን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳጥን ሙሏት

(አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከአፌ እንደወጣ ነው የገለበጥኩት፤ የደጋገምኩትንም አላወጣሁም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ዋላችሁ?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ የእሑድ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አክብሮት ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ቁጭ በሉ። ዛሬ በተለይ እናንተን ነው የምፈልገው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ነው የማቆያችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። የተሰበሰብንባት ምድር የጥንት ባለቤቶቿ የኩሊን ሕዝቦች ምድር ናት። ለሽማግሌዎቻቸው ክብር ይሁን። ይህን ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም የምለው፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር።

የማወራችሁ ስለ ምርጫ ነው። እንዴት እንደሚመረጥ ነው እንጂ ማን እንደሚመረጥ አይደለም። ሌበር ምረጡ፣ ሊበራል ምረጡ፣ ግሪንስ ምረጡ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። በምርጫ ቀን በጊዜያዊ ሠራተኛነት ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚያ የሚሠራ ሰው የማንም ወገን አይደለሁም ብሎ ይፈርማል። ፊርማዬን አከብራለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በመጨረሻው የፌደራል ምርጫ፣ ሜይ 3 ቀን 2025፣ ድምፅ የሰጣችሁ እጃችሁን አውጡ። ጎሽ፣ ብዙ ነን። አሁን ደግሞ፣ ‹‹እኔ የሄድኩት ቅጣቱን ፈርቼ ነው›› የምትሉ? እሺ። እጃችሁን በማውጣታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ማንም አይፈርድባችሁም። እዚህ አገር መምረጥ ግዴታ ነው፤ ላልመረጠ ሰው ቅጣቱ በፌደራል ምርጫ 20 ዶላር ነው። ለ20 ዶላር ብሎ የተሰለፈ ሰው ወረቀቱን እንዴት ይሞላል? ቶሎ ብሎ ይሞላል። እኔን ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ይህቺ ‹‹ቶሎ ብሎ›› ናት።

አንድ ምሽት ልንገራችሁ።

ምርጫው ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ በፈረንጁ ከ8 እስከ 6 ማለት ነው። ልክ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ተዘጋ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። ከቀኑ የሶሴጅና የሽንኩርት ሽታ ገና አልወጣም። የካርቶኑ ኮሮጆ ማሸጊያ ተቆረጠ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እኛ እየፈታን፣ በመዳፋችን እያስተካከልን፣ ቁጥር 1 ባለበት ስም እየለየን እንከምራለን። የፓርቲ ታዛቢዎች ከጀርባችን ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ማየት ይችላሉ፤ ወረቀት መንካት አይችሉም።

አንዷን ወረቀት ከፈትኩ። አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ኤክስ አለ። ሌሎቹ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ኤክሱ በጥድፊያ የተጫረ አይደለም። ሁለቱ መስመሮች እኩል ናቸው፤ ከሳጥኑ ወጣ አላሉም። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ ነው ያሰመረው።

የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። እኔን ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። በምርጫ 97፣ ማለትም በ2005፣ አዲስ አበባ ላይ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ተከናንባ ተሰልፋ፣ ስትመለስ ቀን ተጋምሶ ነበር። አገራችን ላይ እንዴት እንደሚመረጥ ታውቃላችሁ። ከምልክቱ አጠገብ ኤክስ ታደርጋላችሁ፣ ወይ አሻራ ታሳርፋላችሁ። አለቀ። እናቴ ያኔ ያደረገችው ኤክስ ልክ ነበር። የዚህ ሰው ኤክስ ግን ‹‹ኢንፎርማል›› ከሚባለው ክምር ሄደች። በእኛው አነጋገር ዋጋ አልባ ድምፅ።

ያ ሰው መጥቷል። ተሰልፏል። መዝገቡ ላይ ስሙ አጠገብ መጥቷል የሚል ምልክት ተደርጎለታል። ቅጣት አይመጣበትም። ድምፁ ግን አልተቆጠረም። ቤቱ ሲገባ መርጬ መጣሁ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ድምፁ ግን አልተቆጠረም!

በ2025 ምርጫ በመላ አገሪቱ ከ100 ወረቀት ከ5 በላይ እንዲህ ዋጋ አልባ ሆኗል። እርግጥ ሆን ብሎ ባዶውን የሚያስገባ አለ፤ እሱ መብቱ ነው። ግን ይህ ነገር የሚበዛው የት ነው? እንግሊዝኛ የቤት ቋንቋ ባልሆነበት ሰፈር ነው። ምዕራብ ሲድኒ ዋነኛው ነው። የኛ ዓይነት ሰው፣ የኛ ዓይነት ሰፈር።

ሦስት ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚሞላ። ሁለተኛ፣ የጻፋችሁት ቁጥር ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሠራ። ሦስተኛ፣ የፖለቲከኛ ዓይን ወዴት እንደሚያይ። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው አጭር ነው። በፌደራል ምርጫ ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል። አረንጓዴዋ ለተወካዮች ምክር ቤት ናት። በእሷ ላይ ሳጥኑን ሁሉ በቁጥር ትሞላላችሁ። እጩዎቹ 8 ከሆኑ ከ1 እስከ 8። ሳይዘሉ፣ ሳይደግሙ። ራይት አይደለም፣ ኤክስ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ነጯ ረጅሟ ወረቀት ለሴኔት ናት። በእሷ ላይ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ቢያንስ 6 ሳጥን፣ ከመስመሩ በታች ከሆነ ቢያንስ 12። ከበላይ ይቀላል።

ተሳሳታችሁ? አትደናገጡ። ወረቀቱን መልሱና ሌላ ስጡኝ በሉ፤ ይሰጧችኋል። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶች የሚረዳቸው ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ። ‹‹እርሳስ ነው የሚሰጡን፣ በኋላ በላጲስ ያጠፉታል›› የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። የራሳችሁን እስክሪብቶ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ደግሞስ ቆጠራው ወዲያው እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ የተፎካካሪ ፓርቲ ታዛቢዎች ዓይናቸውን ተክለው እያዩ ነው የሚጀመረው። በምን ጊዜው ይጠፋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው። ‹‹ለምን እስከ መጨረሻው እሞላለሁ? እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው›› የሚል ብዙ አለ። እኔም ሲቲዝንሺፕ እንደወሰድኩ ሰሞን እንዲሁ ነበር የምለው።

ማኅበራችንን አስቡ። 100 አባል አለን እንበል። ለዓመታዊ በዓላችን ምን ይሠራ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ቀኑ ጾም ነው አይደለም በሚለው ተከራክረናል። 40 ሰው ዶሮ አለ። 35 ሰው ሽሮ አለ። 25 ሰው ምስር አለ። አገራችን ላይ ባለው አቆጣጠር ማን አሸነፈ? ዶሮ! 40 ከሁሉም ይበልጣላ። ግን እስቲ እዩት። 60 ሰው እኮ የጾም ነው የፈለገው! ሽሮና ምስር ላይ ስለተከፈለ ብቻ 60 ሰው የማይበላው ነገር ተሠራበት።

በአውስትራሊያ አቆጣጠር እንዲህ ነው። ከግማሽ በላይ ያገኘ የለም። ስለዚህ ትንሹ ይወጣል፤ ምስር ወጣ። የምስሮቹ 25 ወረቀት ግን አይጣልም። እያንዳንዱ ይገለጥና ‹‹ሁለተኛ ምን ብለሃል?›› ይባላል። 22ቱ ሁለተኛ ሽሮ ብለዋል፣ 3ቱ ዶሮ። ሽሮ 57፣ ዶሮ 43። ሽሮ አሸነፈ። ከምስሮቹ አንዱ ‹‹ምስር›› ብሎ ብቻ ሌላውን ባዶ ቢተወውስ? ይሄኔ ነው ወረቀቱ መጀመሪያውኑ ዋጋ አልባ ሆኖ የሚቀረው። ምስሩንም አላገኘ፣ ሽሮውንም አላገዘ።

ይህን ምሳሌ ከሆዴ አላወጣሁትም። በ1918 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ስዋን በምትባል የምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ሌበርን የማይፈልጉት ወገኖች የገበሬዎቹንና የናሽናሊስቶቹን እጩ ለየብቻ አቆሙና ድምፃቸው ተከፈለ። የሌበሩ ኤድዊን ኮርቦይ ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር። ከ100 በ34 ገደማ ድምፅ አለፈ። በዚያው ዓመት ሕጉ ተቀየረ፤ ቁጥር መስጠት የመጣው ያኔ ነው። የሽሮና የምስር ነገር ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ኬንሲንግተን፣ ኖርዝ ሜልበርን የምትኖሩ እጃችሁን እስቲ? የእናንተ የፌደራል ምርጫ ክልል ሜልበርን ይባላል። የግሪንስ መሪ የነበሩት አዳም ባንት ከ2010 ጀምሮ ወንበሩን ይዘውት ነበር። በ2025 በመጀመሪያው ቆጠራ፣ በቁጥር 1 ማለቴ ነው፣ የመሩት እሳቸው ናቸው። በብዙ ነው የመሩት። ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። የሌሎቹ ወረቀት ሲገለጥ፣ በተለይ ሊበራልን 1 ያሉት ሰዎች ወረቀት ሲገለጥ፣ ከባንት በፊት የሌበሯ ሣራ ዊቲ ቁጥር ተጽፎባቸው ተገኘ። ሣራ ዊቲ አሸነፈች። የፓርቲ መሪ ወንበሩን አጣ። ምን አሳጣው? ቁጥር 1 አይደለም። ቁጥር 2፣ ቁጥር 3፣ ቁጥር 4 ነው። እናንተ ‹‹ዝም ብዬ ነው የሞላሁት›› የምትሏት ቁጥር ናት!

በዚያ ምርጫ የጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዚ ፓርቲ ሌበር ከ150 ወንበር 94 ወሰደ። በቁጥር 1 ድምፅ ግን ከ100 ውስጥ 35 እንኳ አልሞላም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ ነው፣ ሁሉም ፓርቲ የሚጫወተው በዚሁ ሕግ ነው። እኔ የምለው፣ አገሪቱን ማን እንደሚመራ የሚወስነው የታችኛው ቁጥር ከሆነ፣ የታችኛውን ቁጥር ለምን በግምት እንሞላዋለን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ምርጫ ጠዋት በመኪናዬ ወስጃቸው ነበር። ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። ‹‹ልጄ፣ ቀሎኝ ወጣሁ›› አሉኝ። ‹‹በሩ ላይ ያለው የመንግሥት ሰው እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ፤ እሱን ገለበጥኩ።››

‹‹እማማ፣ እሱ እኮ የመንግሥት ሰው አይደለም። የፓርቲ ሰው ነው።››

ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ‹‹ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?›› አሉኝ።

ያ ጥያቄ አሁንም ደረቴ ውስጥ አለ። እውነታቸውን ነው። እኔ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ አሁን ለሁላችሁም ልንገር። በር ላይ ቀይ ቲሸርት፣ ሰማያዊ ቲሸርት፣ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው እየሳቁ ወረቀት የሚሰጧችሁ ሰዎች የፓርቲ ደጋፊዎች ናቸው። ከመግቢያው ቢያንስ 6 ሜትር ርቀው ነው መቆም የሚፈቀድላቸው። ወረቀቷ የፓርቲው ምኞት ናት። ከተስማማችሁ ገልብጧት፤ ካልተስማማችሁ ተዉአት። በአረንጓዴዋ ወረቀት ላይ ድምፃችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የእናንተ እጅ ብቻ ነው። ‹‹ፓርቲዎቹ ፕሪፈረንስ ተለዋወጡ›› የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ፕሪፈረንስ ማለት የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው፣ የተለዋወጡት ምክራቸውን ነው፤ ድምፃችሁን አይደለም። ድምፃችሁን ማንም ሊለዋወጥበት አይችልም። የውስጡ ሠራተኛ ደግሞ ማንን ምረጡ አይልም። ካለ ሕግ ጥሷል።

አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። በ1919 እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ባላራት ላይ፣ ኤድዊን ከርቢ የሚባል እጩ ቻርልስ ማግራዝን ያሸነፈው በ1 ድምፅ ነበር። በአንድ! ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ምርጫው ተሽሮ በ1920 እንደገና ተመረጠ፤ ማግራዝ አሸነፈ። ይህ የድሮ ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ የቅርቡን ልንገራችሁ። በ2025 ሰሜን ሲድኒ ብራድፊልድ ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሰው መርጦ፣ ድጋሚ ተቆጥሮ፣ የግል እጩዋ ኒኮሌት ቦዌል ያለፈችው በ26 ድምፅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከ26 በላይ ነን። ቆጥሬያችኋለሁ።

ቁጥር 1 ደግሞ ሌላም ሥራ አላት። አንድ እጩ ከ100 ቢያንስ 4 የመጀመሪያ ድምፅ ካገኘ ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ይከፈለዋል፤ በ2025ቱ ምርጫ ለአንድ ድምፅ ከ3 ዶላር በላይ ነበር። የምታምኑበት ትንሽ ፓርቲ ካለ ‹‹አያሸንፍም›› ብላችሁ አትተዉት። 1 ስጡት። ከወደቀ ድምፃችሁ ወደ ሁለተኛችሁ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ አይቀርም።

ሦስተኛው ነገር። የፖለቲከኛ ዓይን ወዴት ያያል?

ፋውለር የምትባል የምርጫ ክልል አለች፣ ደቡብ ምዕራብ ሲድኒ። ካብራማታ እዚያ ናት፤ የቬትናም ሰዎች ሰፈር። ፉትስክሬይን የምታውቁ ካብራማታን ሳታዩ ታውቋታላችሁ፤ ያው ገበያው፣ ያው ጩኸቱ፣ ያው ከአንዱ ቤት ሾርባ ከአንዱ ቤት ዳቦ የሚሸትበት መንገድ። ፋውለር በ1984 ከተፈጠረች ጀምሮ የሌበር ነበረች። ሌበር ማንን ቢያቆም ያልፋል ይባል ነበር። በ2022 ፓርቲው ክሪስቲና ኬኒሊን አመጣ። ትልቅ ሰው ናት፤ የኒው ሳውዝ ዌልስ ፕሪሚየር፣ ማለትም የስቴቱ መሪ ነበረች፣ ሴናተር ነበረች። ግን ቤቷ ከዚያ ርቆ በሰሜን ሲድኒ የባሕር ዳርቻ በኩል ነበር። የሰፈሩ ልጅ፣ የስደተኞች ልጅ፣ ቱ ሌ የምትባል ጠበቃ እጩ ለመሆን ፈልጋ ነበር። ታለፈች።

ሕዝቡ ምን አደረገ? በልጅነቷ ከቬትናም በጀልባ የሸሸችውን ዳይ ሌን፣ የግል እጩዋን መረጠ። ቀድሞ የሊበራል አባል ነበረች፤ እሱን አልደብቅም። ግን ሰፈሩ ያውቃታል፤ የአካባቢው ካውንስል አባል ነበረች። በቁጥር 1 ኬኒሊ ነበረች የመራችው። ወረቀቱ እስከ ታች ሲቆጠር ዳይ ሌ አሸነፈች። ፓርላማ የመጀመሪያ ንግግሯን ያደረገችው የአውስትራሊያ ባንዲራ ያለበት የቬትናም ባህል ቀሚስ ለብሳ ነው። በ2025 ሌበር ተምሮ ያችኑ ቱ ሌን አቀረበ። ዳይ ሌ ግን ወንበሯን አላስነካችም።

ይህን የምነግራችሁ ሌበርን ለመውቀስ አይደለም። ነገ በሊበራልም በሌላውም ይሆናል። ‹‹የኔ ነው›› ተብሎ የተቆጠረ ድምፅን የሚጎበኘው የለም። ‹‹ዋጋ አልባ ነው›› ተብሎ የተቆጠረውንም የሚጎበኘው የለም። ፓርቲዎች በየጣቢያው የወጣውን ውጤት እየዘረጉ ያነባሉ፤ ይፋ ነው፣ እናንተም ማየት ትችላላችሁ። ከሰፈራችን ትምህርት ቤት ስንት ትክክለኛ ድምፅ ወጣ፣ ስንቱ ተበላሸ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ምርጫ ምን ያመጣልናል ለምትሉ ደግሞ ትንሽ ነገር ልበል። ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ ሄክስ የሚባለው የትምህርት ዕዳ ያለባቸው? ከምርጫው በፊት የተገባው የትምህርት ዕዳን በ20 በመቶ የመቀነስ ቃል ከምርጫው በኋላ ሕግ ሆኖ ወጥቷል። አረጋውያን መንከባከቢያ፣ ፋብሪካ፣ ጽዳት የምትሠሩ፤ ሆን ብሎ ደመወዝ መስረቅ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። ሱፐራችሁ፣ የጡረታ ቁጠባችሁ ማለቴ ነው፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ ገብቷል። ይህን ሁሉ ያወጡት እነዚያ በቁጥር የምታስገቧቸው ሰዎች ናቸው። ሕጉን ልትወዱት ትችላላችሁ፣ ልትጠሉት ትችላላችሁ። ግን ከደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ይደርሳል።

በምርጫና በምርጫ መካከልም ሥራ አለ። ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የእግረኛ መሻገሪያ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት መኪናው አይቆምም፤ ልጆቹን በእጃችን ጨብጠን እንሮጣለን። ሦስት እናቶች፣ አንዷ የኛ፣ አንዷ ሶማሌ፣ አንዷ ቬትናም፣ ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። 112 ፊርማ ሰበሰቡ። የካውንስል ተመራጩን ‹‹ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ና እና አብረኸን ተሻገር›› አሉት። መጣ። ተሻገረ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ከመንገዱ መሃል ላይ ቆሞ አንድ ነጭ ቫን እስኪያልፍ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። መሻገሪያው ተሠራ። ከሦስቱ እናቶች እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር አንድም አልነበረችም። አስተርጓሚ በነጻ ይገኛል፤ 131 450 ብትደውሉ አማርኛ በሉ፣ ያገናኟችኋል።

አሁን መጀመሪያ ቆይቼ እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ይህች አገር በምርጫ ጉዳይ ብዙ የምትኮራበት አላት። በምስጢር የሚሞላው የምርጫ ወረቀት በ1856 እዚሁ ቪክቶሪያ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው ዓለም የሄደው፤ አሜሪካኖች ‹‹የአውስትራሊያ ወረቀት›› ይሉት ነበር። በ1902 ሴቶች በፌደራል ደረጃ እንዲመርጡ ተፈቀደ፤ ብዙ አገር ገና ሳያስበው። ግን በዚያው በ1902ቱ ሕግ አቦርጂናሎች እንዳይመዘገቡ ተደረገ። ቀድሞ በስቴታቸው የመምረጥ መብት ከነበራቸው ጥቂቶች በቀር፣ የምድሪቱ ባለቤቶች ተከለከሉ። በፌደራል ምርጫ የመምረጥ መብት ለሁሉም የተሰጣቸው በ1962 ነው። 1962! በመካከላችን ያኔ ተወልደው የነበሩ አባቶች አሉ። በአስር ሺዎች ለሚቆጠር ዓመት የኖሩበት ምድር ላይ 60 ዓመት በር ላይ ቆሙ። እኛ ደግሞ የሲቲዝንሺፕ ሰርተፊኬት በተቀበልን ዕለት መመዝገብ ቻልን። ይህን ሳስብ ያችን አረንጓዴ ወረቀት አጣጥፌ ቶሎ ለመገላገል እጄ አይታዘዘኝም።

ግዴታ መሆኑ የሚያናድዳቸው አሉ። አንድ ወንድሜ ‹‹ዲሞክራሲ በቅጣት ይሆናል እንዴ?›› ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1922 ግዴታ ሳይሆን ሲመረጥ የወጣው ሰው ከ100 60 እንኳ አልሞላም። በ1924 ግዴታ ሆነ፤ በቀጣዩ ምርጫ ከ91 በላይ ወጣ። አሁንም ከ100 90 ገደማ ይወጣል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ግዴታ ባይሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚቀረው ማነው? ሌሊት ሺፍት ወጥቶ የተኛው ነው። ሦስት ልጅ ይዛ ያለችው ናት። ታክሲ የሚነዳው ነው። እኛ ነን። እኛ ከቀረን ደግሞ ለእኛ የሚያወራ አይኖርም። እኔ በበኩሌ ግዴታውን እወደዋለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ቡና ላይ እንከራከራለን።

ልጆች፣ አሁን ወደ እናንተ። 16 ዓመት የሞላችሁ ዜጎች ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ 18 ሲሞላችሁ ትመርጣላችሁ። አድራሻ የቀየራችሁም አስተካክሉ፤ በስልካችሁ አምስት ደቂቃ ነው። የቪክቶሪያ ምርጫ ኖቬምበር 28 ቀን 2026 ነው። የእናታችሁን ኢሜይል የምታነቡላት፣ የአባታችሁን ደብዳቤ የምትተረጉሙለት እናንተ ናችሁ። ይህችንም አንብቡላቸው። ማንን እንደሚመርጡ አትንገሯቸው። ማን ማን እንደሆነ አንብቡላቸውና እርሳሱን ለእነሱ ስጡ።

እንግዲህ ቡናው ደርሷል፤ ሽታው መጥቶብናል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ስድስት ሳጥን አላት። በእጩ ፈንታ ዶሮ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክትፎ፣ ጥብስና አልጫ ነው የተጻፈባት። እርሳሱ ብርጭቆው ውስጥ አለ። የካርቶኗ ሳጥን ኮሮጇችን ናት። ከ1 እስከ 6፣ ሳትዘሉ፣ ሳትደግሙ። ሁለት ልጆች ታዛቢ ሆነው ይቆማሉ፤ አይነኩም። ስንጨርስ እዚሁ ፊታችሁ ገልብጠን እንቆጥራለን፤ የተበላሸ ካለም ለምን እንደተበላሸ አብረን እናያለን።

እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ቀስ ብለው፤ ማንም አያጣድፍዎትም።